ጃፓን ለሚሄዱ ልጆች ሆምስቴዩን አትከልክሏቸው

ሰላም ናችሁ? እዚህ ኖርዘርን ቨርጂኒያ ያላችሁ ወላጆች ሰሞኑን ስለ ጃፓኑ ጉዞ እየደወላችሁ ስለምትጠይቁኝ ለሁላችሁም አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። ለማታውቁት፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ አንዳንድ የመንግሥት ኤለመንተሪ ትምህርት ቤቶች የጃፓንኛ ኢመርሽን አላቸው፣ ልጆቹ የቀኑን ግማሽ ሒሳብና ሳይንስ በጃፓንኛ ይማራሉ የቀረውን በእንግሊዝኛ። ልጄ ከአንደኛ ክፍል ጀምራ እዛ ነበረች፣ ስድስተኛን ስትጨርስ ከክፍሏ ልጆች ጋር ጃፓን ሄደች፣ እኔም ከአጃቢ ወላጆች አንዷ ሆኜ አብሬ ሄድኩ።

ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፣ «ልጄን የማላውቀው ሰው ቤት እንዴት አሳድራለሁ?» ጉዞውን ትፈቅዱና ሆምስቴዩ፣ ማለትም ጃፓናዊ ቤተሰብ ቤት ማደሩ ላይ ስትደርሱ ልጄ ከአጃቢ ጋር ሆቴል ትደር ትላላችሁ። ስጋቱ ይገባኛል፣ እኛ ልጅ ሰው ቤት ማሳደር አልለመድንም፣ እኔም ያን ቀን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ግን እባካችሁ ይደሩ። ቶኪዮንና ኪዮቶን ሌላ ጊዜ ቤተሰብ ሆናችሁም ትጎበኙታላችሁ፣ ይሄኛውን ግን ገንዘብ ከፍላችሁም አታገኙትም።

ልጄን የተቀበሏት ቤተሰቦች ከቶኪዮ መሀል ወደ ምዕራብ ቾፉ የምትባል ከተማ ነው የሚኖሩት። ቤቱ ውስጥ አያትየው አሉ። እራት ላይ ከየት ነሽ ሲሏት ከአሜሪካ ነኝ፣ እናትና አባቴ ግን ከኢትዮጵያ ናቸው ስትል ሰውዬው ቾፕስቲካቸውን አስቀምጠው «አበበ!» አሉ። የ1964ቱ የቶኪዮ ኦሎምፒክ ማራቶን ከስታዲየሙ ተነስቶ በኮሹ ካይዶ መንገድ ቾፉ ደርሶ ነው ወደ ስታዲየም የተመለሰው፣ እሳቸው ያኔ ልጅ ሆነው መንገድ ዳር ቆመው አበበ ቢቂላ ሲያልፍ አይተዋል። ትርፍ አንጀቱን ኦፕራሲዮን ከሆነ ስድስት ሳምንት እንኳን በቅጡ ሳይሞላው 2:12:11 ገብቶ የዓለም ሪከርድ የሰበረበት ውድድር ነው፣ ሮም በባዶ እግሩ ካሸነፈ ከአራት ዓመት በኋላ ማለት ነው። በነጋታው አያትየው ዣንጥላ ይዘው በእግር ወሰዷት፣ ሯጮቹ ዞረው የተመለሱበት ቦታ ላይ ምልክት ቆሟል፣ እዛ አጠገብ አብረው ፎቶ ተነስተዋል። ልጄ አበበን የምታውቀው ሐበሻ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ባለ ፎቶ ነበር፣ አሁን ሲሮጥ በዓይናቸው ያዩ ሰው በጃፓንኛ አወሯት፣ እሷም መልሳ ጠየቀቻቸው፣ አስተማሪ የለ አስተርጓሚ የለ። ይሄ የሆነው እዛ ቤት ስላደረች ብቻ ነው።

ሌላው የወደድኩት የትምህርት ቤቱ ቀን ነው። ሰኔ መጨረሻ የሄድነውም ለዚሁ ነው፣ እዚህ ትምህርት ሲዘጋ እዛ ገና አልተዘጋም፣ ጁላይን ጋመስ አድርገው ነው የሚዘጉት፣ ስለዚህ ልጆቻችን ክፍል ገብተው አብረው ዋሉ። (ዝናቡ ግን ሰኔ ላይ እዛም ክረምት ነው፣ የዝናብ ልብስ ያዙላቸው።) ምሳ ሲደርስ ተረኛ ልጆች ነጭ ጋውን፣ ቆብና ማስክ አድርገው ለጓደኞቻቸው እየጨለፉ ያድላሉ፣ ሁሉም እዛው ክፍላቸው ውስጥ ይበላሉ፣ አስተማሪውም አብሮ። ከዛ ጽዳት ነው። ልጄ እርጥብ ጨርቅ ተሰጥቷት በሁለት እጇ ወለሉ ላይ ተጭና አጎንብሳ ከአንድ ጃፓናዊ ልጅ ጋር ኮሪደሩን እየተሽቀዳደመች ስትወለውል በቪዲዮ ቀርጫታለሁ፣ ለአያቷ አዲስ አበባ ልኬ ስንት ቀን ደጋግማ አየችው።

ሂሮሺማም ሄደናል፣ ክፍል ውስጥ ሲያጥፉ የከረሙትን የወረቀት ወፍ የልጆች የሰላም ሐውልት ጋ አስቀመጡ። ሐውልቱ የቆመላት ሳዳኮ ሳሳኪ አቶሚክ ቦምቡ ሲጣል የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፣ በ1955 በደም ካንሰር ስትሞት ደግሞ 12 ዓመቷ ነበር፣ የኛ ልጆች እኩያ። እዛ ጋ ማናቸውም ጸጥ በሉ ሳይባሉ ዝም አሉ።

ወደ ተግባሩ ልምጣ። ምግብ ላይ «አሳማ አትበላም» ብቻ ማለት በቂ አይደለም፣ የራመን ሾርባው ብዙ ጊዜ ከአሳማ አጥንት ነው፣ ግዮዛ (ሳምቡሳ የሚመስለው) ውስጥ አሳማ አለ፣ የታሸገው የካሪ ወጥ ማጣፈጫቸው እንኳን የአሳማ ስብ ሊኖርበት ይችላል፣ ስለዚህ በዝርዝር በጃፓንኛ ተጽፎ ለቤተሰቡ አስቀድሞ ይላክ። የሰኔን ጾም ለሚጾሙ ልጆች ደግሞ ሚሶ ሾርባው (የአኩሪ አተሩ) ራሱ መረቁ አብዛኛውን ጊዜ ከዓሣ ስለሆነ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ጄአር ፓስ (ጃፓን ውስጥ ለቱሪስት የሚሸጠው የባቡር ትኬት) ግዙ የሚላችሁ ካለ መጀመሪያ አስሉት፣ በኦክቶበር 2023 የ7 ቀኑ ከ29,650 የን ወደ 50,000 የን ስለገባ ቶኪዮ ሂሮሺማ ደርሶ መልስ ብቻ ከሆነ አያዋጣም።

«አማርኛው መች ተያዘና ነው ጃፓንኛ» ለምትሉኝ፣ እኔ ቤት አንዱ ሌላውን ሲጎዳ አላየሁም። ጃፓንኛም እንደኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው፣ ልጄም ዓረፍተ ነገሩን መገንባት ከቤት ይዛው ነው የሄደችው፣ አሁን ደግሞ ስለ አበበ ለአያትየው የምትጽፈው ነገር ስለምትፈልግ አባቷን በአማርኛ ቁጭ አድርጋ ታስወራዋለች።

የሚቀጥለው ጉዞ ስብሰባ ላይ ሆምስቴይ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ከሌለው እንዲኖረው ግፉ። ስለ ምግብ በጃፓንኛ ያስጻፍነውን ደብዳቤ የምትፈልጉ ንገሩኝ እልክላችኋለሁ። ፓስፖርቱን ደግሞ አሁኑኑ ጀምሩ፣ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ የአሜሪካ ፓስፖርት የሁለቱም ወላጅ ፈቃድ ይጠይቃል፣ አንዳችሁ አገር ቤት ካላችሁ ወረቀቱ ጊዜ ይወስዳል፣ ልጁ በኢትዮጵያ ፓስፖርትና በግሪን ካርድ ከሆነ የሚሄደው ደግሞ የጃፓን ቪዛ ያስፈልገዋል።