አውራ ጣቴ ብረቱ ላይ

ቢላዬ ከአሲዱ ስትወጣ መጀመሪያ ዓይኔ የገባው ጥቁረቷ ሳይሆን አውራ ጣቴ ነው። ከእጀታዋ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ወደ ጀርባዋ ጠጋ ብሎ፣ መስመሮቹ አንድ በአንድ የሚቆጠሩ የጣት አሻራ ጉብ ብሏል። ዙሪያው ሁሉ ጠቁሮ እሱ ብቻ እንደ ብር ያብለጨልጫል። ሳቄም መጣ፣ ንዴቴም መጣ።

ይህችን ቢላ ከጀመርኳት ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። ከአሮጌ ሞረድ ነው የወጣችው። ብረቱን እሳት ውስጥ አግዬ ቀስ ብሎ እንዲበርድ ተውኩትና ለሰለሰ፤ ከዚያ ቆረጥኩት፣ ሞረድኩት (ሞረድን በሞረድ መሞረድ ደስ የሚል ነገር አለው)፣ እንደገና አግዬ ስለቱን ብቻ ሞቅ ያለ ዘይት ውስጥ ነከርኩ። እንዲያው ቢተው እንደ ብርጭቆ ስለሚሰበር በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ሁለት ሁለት ሰዓት አቆይቼ ድርቅናውን አበረድኩት። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት፣ ቁጥሩ ሲጨምር እየላመ የሚሄደው፦ 220፣ 400፣ 600። የቀረኝ ማጥቆር ብቻ ነበር። «ብቻ» ያልኩት እኔው ነኝ።

የተጠቀምኩት ፌሪክ ክሎራይድ ነው፤ የኤሌክትሮኒክስ ሰዎች የሰርኪዩት ቦርድ መዳብ የሚያስበሉበት ቡናማ ፈሳሽ። አሲድ የምንለው በልማድ ነው እንጂ ጨው ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ግን አሲዳማ ይሆናል። አንዱን እጅ በአራት እጅ ውሃ አቀጠንኩት፤ ወፍራሙ ቸኩሎ ይበላና ብረቱን ያዥጎረጉረዋል፣ ቀጭኑ ቀስ ብሎ እኩል ይበላል። ዕቃው ፕላስቲክ ነው፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ መነጽርና ጓንት አድርጌያለሁ። አንድ ጊዜ መዳብ የበላ ፈሳሽ ተውሼ ሞክሬ አውቃለሁ፤ መዳቡ ቢላው ላይ ተለብዶ ቀይ አድርጎ አወጣልኝ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ፈሳሽ ካልሆነ አልነካም።

ጥፋቱ የተፈጠረው እዚህ ነው። ብረቱን በአሴቶን ሁለት ጊዜ ጠርጌዋለሁ፤ የላብ ወዝ እንኳ አልቀረበትም። ከዚያ ልሰቅላት ስል ክሩ በጓንት አልቋጠር አለኝ። የቀኝ እጄን ጓንት አውልቄ ቋጠርኩ፤ እስክቋጥር በአውራ ጣቴ ደግፌያት ነበር። እጄን ከአሲዱ ስጠብቅ ቢላዋን ከእጄ የሚጠብቃት አልነበረም።

ለአምስት ደቂቃ ነከርኳት። መጀመሪያ ግራጫ ሆነች፣ ቀጥላ ከላይዋ እንደ ጥቀርሻ ያለ ነገር ለበሰች። ጥቀርሻው የሚቀር እየመሰላቸው የሚደሰቱ አሉ፤ በጣት ሲነካ ይለቃል። አውጥቼ በውሃ አጠብኩ፣ ጥቀርሻውን በጨርቅ ጠረግኩ፣ ያኔ ነው አሻራው ብቅ ያለው።

ከአሻራው ሌላም ነገር ነበር። በስለቱና በጀርባው መካከል፣ ከጫፍ እስከ እጀታ፣ እንደ ጢስ የሚዋልል መስመር ወጥቷል። ዘይት የጠጣው ጠንካራ ብረትና ያልጠጣው ለስላሳ ብረት ለአሲዱ አንድ አይደሉም፤ ሁለቱም ጠቁረዋል፣ የጥቁረታቸው ዓይነት ግን ለየቅል ነው። መስመሩ መሃል ላይ ድንገት ሽቅብ ይወጣና ይመለሳል። ያቺ ቦታ ትዝ ትለኛለች፤ ዘይቱ እሳት ሲይዝ ደንግጬ እጄ ወደ ታች የወረደባት ናት። ሰው ቢያያት «እንዴት ያምራል፣ በምን ሳልከው?» ይለኛል። እኔ ምንም አልሳልኩም። አሻራውን ደግሞ ማንም አያደንቅልኝም፤ ሁለቱም ግን የዚያው የአንድ እጅ ጥፋት ናቸው።

ሁለት ሰዓት ያህል ዝም ብዬ አየኋት። ልተወው? የሠራኋት እኔ ነኝ፣ ጣቴ ቢኖርባት ምን አለበት? ይሄ ስንፍና ራሱን ሲያቆላምጥ መሆኑን ስለማውቅ 400 ቁጥሩን አነሳሁ።

ከባዱ ነገር አሻራው ላይ ላዩን አለመሆኑ ነው። ወዙ አሲዱን ስለከለከለው መስመሮቹ ሳይበሉ ከፍ ብለው ቀርተዋል፤ ዙሪያቸውን ሁሉ እነሱ እስኪስተካከሉ ድረስ ማውረድ ግድ ነው። ጥቁሩ በሙሉ ተነሳ፣ ጢሱም አብሮ ሄደ። እንደገና 600፣ እንደገና አሴቶን፤ ክሩን በዚህኛው ጊዜ ቀድሜ ቋጠርኩት። አራት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ ነከርኳት፣ በየመካከሉ ጠረግኳት። መጨረሻ ላይ ቤኪንግ ሶዳ የተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ የቀረውን አሲድ ገደልኩ፣ አደረቅኳት፣ ሳትዝግ ዘይት ቀባኋት። ጢሱ ተመልሷል፣ ያቺ የድንጋጤ ቦታም አለች። ስለቱን በድንጋይ ሳወጣው በጥቁሩ ጠርዝ ላይ እንደ ቀጭን ነጭ ክር ሆኖ ወጣ።

መብራት ስር አጋድሜ ሳያት ግን፣ ከእጀታዋ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አንዲት ቅስት መስመር አለች። 400 ቁጥሩ ደግሞ አልቋል።