የደቻቱን ጎርፍ በኮምፒውተር፦ ግንቡን የማያየው ካርታ

ደስ ስላለኝ ነው የምጽፈው። የድሬዳዋን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በኮምፒውተር ማስላት ከጀመርኩ ወዲህ፣ ውሃው የመከላከያ ግንቡን ተከትሎ ሲወርድ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። እስካሁን ግንብ የሚባል ነገር እንደሌለ ሁሉ እያለፈ ከዚራና መጋላ የሚባሉትን የከተማዋን ሰፈሮች ያጥለቀልቅ ነበር።

ደቻቱን ለማታውቁት፣ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። ጎርፉን የሚያመጣው በስተደቡብ ባሉት ተራሮች ላይ የሚጥለው ዝናብ ነው። ስለዚህ ከተማው ውስጥ ጠብ ሳይል ደራሽ ሊመጣ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሌሊት፣ ሰው በተኛበት መጥቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። ይህን ሥራ የጀመርኩትም በዚያ ምክንያት ነው።

መጀመሪያው ብዙም አያስቸግርም። ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ፕሮግራም ላይ የተፋሰሱን ወሰን ማውጣት፣ ኦፕንስትሪትማፕ ከሚባለው ነፃ የኢንተርኔት ካርታ መንገዱንና ቤቱን ማውረድ በትዕግሥት የሚለመድ ነው። ማስተማሪያ ቪዲዮውም ሞልቷል። ለስሌቱ ሄክ-ራስን መረጥኩ። የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች የሚያዘጋጁት፣ በነፃ የሚወርድ ፕሮግራም ነው። ውሃው በወንዙ ብቻ ሳይሆን ወደ ሰፈር ዘልቆ እንዴት እንደሚሰራጭም ያሰላል።

ያንገበገበኝ የመሬቱ ከፍታ መረጃ ነው። ብዙዎቻችን የምንጀምርበት ኤስአርቲኤም የሚባለው የከፍታ መረጃ በየካቲት 1992 ዓ.ም. ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር የተለካ ነው። ግንቡ የተሠራው ደግሞ ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ ነው። የሌለ ነገር ከየት ይመጣል? ኮፐርኒከስ የሚባለው መረጃ ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. የተሰበሰበ ስለሆነ ይሻላል ብዬ ወሰድኩት። እሱም ቢሆን እያንዳንዱ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር ለሆነ ቦታ አንድ ቁጥር ብቻ ይሰጣል። ውፍረቱ አንድ ሜትር የማይሞላ ግንብ እዚያ ውስጥ ይሟሟል። በዚያ ላይ ራዳሩ ጣሪያውንና ዛፉን መሬት አድርጎ ይቆጥራል። ድልድዩም በካርታው ላይ ወንዙን የዘጋ ግድብ ሊመስል ይችላል።

በ2014 ዓ.ም. የወጣው ፋብዴም የሚባለው የከፍታ መረጃ ቤቱንና ዛፉን ከኮፐርኒከስ መረጃ ላይ ለመቀነስ ይሞክራል። ለከተማ ሥራ ከሦስቱ እሱን እመርጣለሁ። ግንቡን ግን እሱም አያመጣውም።

መፍትሔው ሜትር ይዞ መውረድ ነበር። ወንዙ ሲደርቅ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር፣ የተዋስነውን የሰርቬየር ሌቭል (የከፍታ ልዩነት መለኪያ መሣሪያ) ይዘን ከዳር እስከ ዳር ለካን። የአሸዋውን ከፍታ፣ የግንቡን ጫፍ፣ በድልድዩ ሥር ያለውን ክፍተት ሁሉ መዘገብን። ከስሪት 6 ጀምሮ ሄክ-ራስ የመሬቱን ከፍታ እዚያው ማስተካከያ መሣሪያ አለው። ግንቡን በመስመር ስሎ ከፍታ መስጠት፣ ወንዙን ደግሞ በተለካው ልክ መቆፈር ይቻላል። ከዚያ በግንቡ ጫፍ ላይ ብሬክላይን የሚባለውን፣ የስሌቱን ሴሎች የሚያስተካክል መስመር ማስመር የግድ ነው። ካልተሰመረ የስሌቱ ሴል፣ ማለትም ፕሮግራሙ መሬቱን የሚከፋፍልበት ትንሽ ቁራጭ፣ ግንቡን መሀል ለመሀል ይረግጠውና ውሃው በዚያ በኩል ሾልኮ ይወጣል። ብሬክላይኑ የሴሎቹን ጠርዝ ግንቡ ላይ ያሳርፈዋል። እኔ ዘንድ ውሃው አደብ የገዛው ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ነው።

በበኩሌ፣ ወንዙን በእግሩ ሳይሄድ ባለቀለም የጎርፍ ቪዲዮ የሚያሳየኝን ሰው ሥራ አላምንም። ቪዲዮ ማሳመር ቀላል ነው። ሰፈር ውስጥ የከረሙ እናቶችና አባቶች ውሃው ግድግዳው ላይ እስከ የት እንደደረሰ በእጃቸው ያሳያሉ። የወንዙ ልኬት በማይገኝበት ቦታ ሞዴሉን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ስሌት፣ የማመሳክረው በዚያ ነው። የሁለት ሰው ምልክት ካልተስማማ ሦስተኛ ጎረቤት እጠይቃለሁ።

ዝናቡ ላይ ገና እየታገልኩ ነው። ቺርፕስ የሚባለው የዝናብ መረጃ የቀኑን ድምር ይሰጣል፤ ለደራሽ ጎርፍ ግን ዝናቡ በአንድ ሰዓት ይውረድ በአሥር ሰዓት ትልቅ ልዩነት አለው። ስለዚህ አይመርግ የሚባለውን፣ በየግማሽ ሰዓቱ የሚሰጠውን የሳተላይት ዝናብ መረጃ እወስዳለሁ። እሱ ደግሞ አንዱ ነጥቡ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ስለሚሰፋ ተራራውንና ሜዳውን ይቀላቅላቸዋል። የማኒንግ ቁጥርንም፣ ማለትም የመሬቱን ሸካራነት፣ እስካሁን የምመርጠው ከሠንጠረዥና ከግምት ነው። ለአሸዋውና ለጠጠሩ ከ0.03 እስከ 0.04፣ ቤት ለበዛበት ሰፈር 0.1 እና ከዚያ በላይ እሰጣለሁ። አንድ ቁጥር ይዤ አልቆምም፤ ዝቅ አድርጌም ከፍ አድርጌም አስኬደዋለሁ። ለሰው ሳሳይም አንድ መስመር ሳይሆን በሁሉም የሚሰጥመውንና በአንዳንዱ ብቻ የሚሰጥመውን ለይቼ ነው።

አሁን የያዝኩት ድልድዩ በግንድና በድንጋይ ግማሽ በግማሽ ሲዘጋ ውሃው ወዴት እንደሚዞር ማየት ነው። ሙከራው ላይ ክፍተቱን ሳጠብ ከድልድዩ በላይ ያለው ውሃ ከግንቡ ጫፍ ያልፋል። ደረቅ ወንዝ ባለበት ከተማ ይህን የሞከራችሁ ካላችሁ፣ መዝጊያውን በምን ያህል እንደገመታችሁት ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።