የእህቴ ናይሮቢ፣ የእኔ ኮዬ

ታላቅ እህቴ ናይሮቢ መኖር ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አምና እኔ እሷ ጋ ሄጄ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ዘንድሮ ደግሞ እሷ የዘጠኝ ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ አብረን ዞርን። ሁለቱን አገር ላወዳድር ብዬ አልተነሳሁም። ግን እህቴ በየደረስንበት ቆም ብላ "እኛ ጋ እኮ..." ትላለች። እኔም አምና ያየሁት ትዝ ይለኛል።

ብዙ ሰው ናይሮቢንና አዲስ አበባን ሲያወዳድር መሃል ከተማውን ነው የሚያየው። የእነሱን ከላይ የሚያልፍ የፍጥነት መንገድ ከእኛ የኮሪደር ልማት ጋር ያስተያያል። ይሄ ለእኔና ለእህቴ ብዙም አይነግረንም። ሁለታችንም የምንኖረው ዳር ነው። እሷ ፓይፕላይን የሚባል ሰፈር ናት። ሰባትና ስምንት ፎቅ ቤቶች ተጋፍተው የቆሙበት ነው። ከአንዱ በረንዳ እጅ ቢዘረጋ የሌላው በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ ይነካል። ብዙው ሰው አንዲት ክፍል ነው ያለችው፤ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። እኔ ያለሁበት ኮዬ ደግሞ ሜዳ ላይ የተዘረጋ ኮንዶሚኒየም ነው። ነፋስ አለ፣ ሰማይ ይታያል። የእህቴ ልጅ በመጣ ማግስት ኳስ ይዞ ብሎኮቹ መሃል ወረደ። ለምሳ ስንጠራው እምቢ አለ።

ሰኞ ጠዋት ቃሊቲ ጉዳይ ነበረን። የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከሚነሳበት ከቱሉ ዲምቱ ታክሲ ለመያዝ ተሰለፍን። አርባ ደቂቃ ቆምን። እህቴ ሒሳቡን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። "ዝናብ ሲጥልስ?" አለች። ታሪፉ የተተመነ ነው፣ ያው ነው አልኳት። ማመን አቃታት። እሷ ጋ ሰልፍ እምብዛም የለም። ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ታክሲያቸው ሙዚቃውን እያስጮኸ ይመጣል፣ ገብተሽ ትሄጃለሽ። ዝናብ ሲጥል ወይም የሥራ መውጫ ሰዓት ሲሆን ግን ዋጋው ይወጣል። እኔም ጠዋት በ50 ሽልንግ የሄድኩበትን መንገድ ማታ በ100 ተመልሼበታለሁ። እዚህም ሲመሽ መንገዱን ቆራርጦ የሚጭን ሞልቷል። ቢሆንም ልዩነቱ የገባኝ እዚያ ሰልፍ ላይ ነው። ነገሩ ሲጠብ ናይሮቢ ከኪስ ይወሰዳል፣ እዚህ ደግሞ ከቀን ላይ።

ኪራዩም የራሱ ጣጣ አለው። እህቴ በየወሩ ነው የምትከፍለው፤ ስትገባ ያስያዘችው የአንድ ወር ብቻ ነበር። ይሄ አስቀንቶኝ ነበር። እኔ የመጀመሪያ ቤቴን ስይዝ አከራዩ የስድስት ወር በአንዴ ጠይቆኝ ተበድሬ ነው የገባሁት። በኋላ ግን የአንድ ወር ኪራይ በአሥር ቀን ብታሳልፍ በሯ ላይ ሌላ ቁልፍ ተንጠልጥሎ እንዳገኘችው ነገረችኝ። ልጇን ይዛ ጎረቤት አደረች። እኛ ጋ በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉም ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን አድርጓል። ሁሉም አከራይ ያከብረዋል አልልም። ለእኔ ግን እፎይታ ሆኖልኛል።

ማክሰኞ እንጀራ ጋገርኩ። እህቴ ምጣዱ አጠገብ ቁጭ ብላ ታየኛለች። እሷ ቤት ምጣድ የለም። ኬንያ መብራት ውድ ነው። ሰው ስልኩ ላይ በኤምፔሳ ቶክን የሚባል የመሙያ ቁጥር ይገዛል፣ ቁጥሩን ቆጣሪው ላይ ይሞላል፤ ሲያልቅ ይጨልማል። ስለዚህ በጋዝ ወይም በከሰል ያበስላሉ። እንጀራ ሲያምራት የእኛ ሰው ወደሚበዛበት ኢስሊ ሄዳ ገዝታ ትመጣለች። የሚገርመው ከኅዳር 2015 ጀምሮ ኢትዮጵያ ለኬንያ መብራት ትሸጣለች። መስመሩ ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ ይደርሳል። ይሄን ስነግራት "ታዲያ አንቺ ጋ ለምንድነው የሚጠፋው?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ባለፈው ሰኔ ሊጡ ደርሶ መብራት ሄደብኝ፤ ሁለት ቀን ጠብቄ ግማሹን ደፋሁት። ኃይል ማመንጨት አንድ ነገር ነው። የሰፈር መስመርና ትራንስፎርመር ሌላ ነው።

ገበያ ላይ እህቴ ደስ አላት። መንገድ ዳር ሽንኩርት የምትሸጥ ልጅ ካርቶን ላይ ስልክ ቁጥሯን ጽፋለች። "በቴሌብር ላኪልኝ" አለቻት። ኬንያ ውስጥ ኤምፔሳ የተጀመረው በእኛ አቆጣጠር በ1999 ነው። ቴሌብር የመጣው በ2013 ነው። አሥራ አራት ዓመት ቀድመውናል። እሷ ጋ ቅጠል የምትቸረችረዋም፣ ውኃ በጋሪ የሚገፋውም በስልክ ነው የሚቀበለው። ትምህርትም ላይ ቀድመውናል፤ የመንግሥት አንደኛ ደረጃን በ1995 ነጻ ሲያደርጉ ሕፃኑ እየጎረፈ ገባ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ልማት ሠንጠረዥም ኬንያን መካከለኛ፣ እኛን ዝቅተኛ ምድብ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ይሄን መካድ አይጠቅመንም።

ሠንጠረዡ ውስጥ የማይገባም አለ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ዳቦ ልንገዛ ወረድን። እህቴ ስልኳን ልብሷ ውስጥ ሸሸገች፣ ልጇን እጁን ጭምቅ አድርጋ ያዘች። መብራቱ ደብዛዛ ነው። ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይሄዳሉ፣ በቆሎ የሚጠብሱ አሉ። መንታፊ እዚህም አለ። ግን ትንሽ ከሄድን በኋላ የልጇን እጅ ለቀቀችው። "ናይሮቢ በዚህ ሰዓት በእግሬ ወጥቼ አላውቅም" አለች። ስንመለስ ደረጃው ላይ ያገኘናቸው እማማ "እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ፣ እናትሽ ደህና ናቸው?" ብለው አቅፈው ሳሟት። አይተዋት አያውቁም። እህቴ ቤት ገብታ አለቀሰች።

ውኃ ላይ ግን ሁለታችንም እኩል ተቸግረናል። ፓይፕላይን ወጣቶች 20 ሊትር ጀሪካን በጋሪ እየገፉ ያመጣሉ። ለፎቅ ማውጫ ይጨመራል። ገንዘብ ካለ ግን በማንኛውም ሰዓት ይገኛል። ኮዬ በፈረቃ ነው። የእኔ ብሎክ ቢበዛ በሳምንት ሁለት ቀን ይደርሰዋል፣ ያውም ሌሊት። ሮቶ የሌለው ሰው እንቅልፉን ትቶ ይቀዳል።

ሐሙስ ሌሊት ከታች "ውኃ መጣ!" የሚል ድምፅ ሰማን። እህቴ ከእኔ ቀድማ ተነሳች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ጀሪካኖቹን መደርደር ጀመረች። "እትዬ፣ አንቺ ተኚ እንጂ፣ እንግዳ ነሽ" ብላት አልሰማችኝም። ልጁም በጫጫታው ነቅቶ በር ላይ ቆመ። ስንት ሰዓት ነው ብሎ ጠየቀኝ።

"ዘጠኝ ሰዓት" አልኩት።

"ሳአ ቲሳ" አለ በስዋሂሊ። እነሱም ሰዓቱን እንደ እኛ ነው የሚቆጥሩት። ከዚያ ትንሿን ጀሪካን አንስቶ ከእናቱ ኋላ ተሰለፈ።