ቁልፉ ከሰርቨሩ ጋር አይደር

ስለ ሰርቨር ደህንነት ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው ፋየርዎልና ፓስወርድ ነው። ሰርቨሩ የተቆለፈ ክፍል ውስጥ ካለ ጥሩ። ግን ስንቱ ሰርቨር ነው ባንኮኒ ስር፣ ኮሪደር ጥግ፣ ከማስታወቂያ ስክሪን ጀርባ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሊነካው በሚችል ቦታ የሚውለው? ካቻቢቴ ይዞ ለመጣ ሰው ፋየርዎል ምኑ ነው?

የብረት ካቢኔ ይኑረው፣ ከግድግዳ ጋር በብሎን ይታሰር፣ አየር ማስገቢያም አይርሱበት። የማብሪያ ቁልፉና የመብራት ገመዱ ከውጭ አይታዩ፤ ስልኩን ቻርጅ ለማድረግ ሶኬት የሚፈልግ ሰውም ከሌባ ባላነሰ ያስቸግራል። ይሁንና ካቢኔ ሰውየውን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ማሽኑ ገና ሲነሳ የሚጠየቀው የባዮስ ፓስወርድም ያው ነው፤ ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ባትሪውን ማውጣት ወይም ጃምፐሩን (ቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ መሰኪያ) ማንቀሳቀስ ብቻ ያጠፋዋል።

ዋናው ነገር ዲስኩ ነው። ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ማሽን ላይ የሚሰካ ሰው የእናንተን ፓስወርድ አይጠይቅም፤ ስለዚህ ሊኑክስ ከሆነ በሉክስ፣ ዊንዶውስ ከሆነ በቢትሎከር መመስጠር፣ ማለትም ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ መደረግ አለበት። እዚህ ድረስ ብዙ ሰው ይስማማል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማን ሄዶ ፓስወርድ ይጽፍለታል? ማንም። ስለዚህ ቁልፉ እዚያው ማሽን ውስጥ ይቀመጣል፣ ወይ ፍላሽ ላይ ተደርጎ ተሰክቶ ይተዋል። ይሄ በር ቆልፎ ቁልፉን እዚያው በሩ ላይ ሰክቶ መሄድ ነው፤ በጣም ያናድደኛል።

ቁልፉን የሚጠብቅ ቲፒኤም የሚባል የደህንነት ቺፕ ይሻላል። በትክክል ከተዋቀረ፣ ሲስተሙን የሚያስነሳው ሶፍትዌር ከተነካካ ቁልፉን አይሰጥም። ብቻውን ግን አይበቃም፦ በ2024 አንድ ተመራማሪ ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ በምትባል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ከቺፑ ወደ ፕሮሰሰሩ የሚሄደውን መስመር ጠልፎ የአንድን ላፕቶፕ የቢትሎከር ቁልፍ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አውጥቶ አሳይቷል። እኔ የምመርጠው ታንግና ክሌቪስ የሚባሉትን ሁለት የሊኑክስ ፕሮግራሞች ነው፤ ክሌቪስ ሰርቨሩ ላይ፣ ታንግ ሌላ ማሽን ላይ ይሰራሉ። ሰርቨሩ ሲነሳ በኔትወርክ ሌላ ቦታ፣ የተቆለፈ ክፍል ውስጥ ያለውን የታንግ ማሽን ያነጋግራል። ካገኘው ዲስኩ ይከፈታል፤ ተሰርቆ ሌላ ቤት ከተወሰደ አይከፈትም። ከቲፒኤም ጋር አጣምሮ ሁለቱንም እንዲጠይቅ ማድረግም ይቻላል። ሰውየው ኬብሉን ሳይነቅል እዚያው ቁጭ ብሎ ከሰራ ግን ታንግ አያስጥልም፣ ይሄን ማወቅ ያስፈልጋል።

ማሽኑ እየሰራ ሳለ ቁልፉ ራም (ጊዜያዊ ሜሞሪ) ውስጥ ነው ያለው። በ2008 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኃይል ከተቋረጠ በኋላም ራም ይዘቱን ለሰከንዶች፣ ከቀዘቀዘ ደግሞ ለደቂቃዎች ሊያቆይ እንደሚችል አሳይተዋል። ስለዚህ ክዳኑ ሲከፈት የሚያስጠነቅቅ ስዊች ካለው አብሩት፣ መልእክቱም ወዲያው ሌላ ማሽን ላይ ይድረስ። የማትጠቀሙባቸውን የዩኤስቢና የኔትወርክ ፖርቶች ዝጉ፤ ሊኑክስ ላይ ዩኤስቢጋርድ የሚባል ፕሮግራም ያልተፈቀደ ነገር ሲሰካ ይከለክላል።

ሰው ከፍቶት እንደነበር ለማወቅ ደግሞ ብሎኖቹን ብልጭልጭ ያለበት የጥፍር ቀለም ቀቡና ከቅርብ ፎቶ አንሱ። ሐሳቡ በ2013 ሃምበርግ በተካሄደው ኬኦስ ኮሚዩኒኬሽን ኮንግረስ በሚባለው የሀከሮች ጉባኤ ላይ ቀርቦ ነበር፤ የብልጭልጩን አቀማመጥ ደግሞ በትክክል መድገም እጅግ ከባድ ነው። በየጊዜው ሄዶ ከፎቶው ጋር የሚያስተያይ ሰው መመደብ አለበት። ካልገጠመ ማሽኑን አትመኑት፦ ዳታውን ከባክአፕ ሌላ ማሽን ላይ መልሱ፣ የታንጉን ቁልፍና እዚያ ላይ የነበሩትን ፓስወርዶች በሙሉ ቀይሩ።