ቲልበርግ፦ ከበግ ጠጉር የበቀለች ከተማ

ኮምቦልቻ ላይ ስለ ጨርቃጨርቅ ሲወራ የሚነሳው ጥጥ ነው። የደጋ ወሎ በግና ባናው ግን የሚመሳሰሉት ከሌላ ከተማ ታሪክ ጋር ነው፤ በደቡብ ኔዘርላንድ፣ በሰሜን ብራባንት ካለችው ከቲልበርግ ጋር።

የቲልበርግ አካባቢ አፈር አሸዋማ ነው፤ እህል እምብዛም አይሰጥም፤ በግ ግን ያረባል። ቲልበርግም ድሮ አንድ ከተማ አልነበረችም። መንገዶች በተገናኙበት ባለ ሦስት ማዕዘን ሜዳ ዙሪያ የሰፈሩ መንደሮች ነበሩ። ገበሬው ቤቱ ውስጥ ይሸምን ነበር፤ ላይደን የተባለችው የኔዘርላንድ ከተማ ነጋዴዎችም የእጅ ዋጋው ርካሽ በመሆኑ ጠጉሩን እየሰጡ ያሸምኑት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1809 ንጉሥ ሉዊ ናፖሊዮን የከተማነት ማዕረግ ሲሰጣት ነዋሪዋ 9,000 ገደማ ነበር። በ1827 የመጀመሪያው የእንፋሎት ሞተር ገባ፤ በ1863 ባቡር ደረሰ፤ በ1881 የሱፍ ፋብሪካዎቿ 145 ደረሱ። ያም ሆኖ ማሽን ሁሉንም ሥራ በአንድ ቀን አልወሰደም። ፈተሉ ቀድሞ ፋብሪካ ገባ፤ የቤት ሸማኔው ግን እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ድሩን እየዘረጋ ቆየ።

የቲልበርግ ሰው እስከ ዛሬ ቅጽል ስሙ «ክራውከንዘይከር» ነው፤ እንስራ ውስጥ የሚሸና ማለት ነው። ስሙ የመጣው ከሥራው ነው። ያልታጠበ ጠጉር አቧራ፣ የደረቀ ላብና ቅባት አለበት። አቧራውና ላቡ በለብታ ውሃ ይለቃሉ፤ ቅባቱ ግን አይለቅም። ትኩስ ሽንትም አያስለቅቀው። ለቀናት ሲቀመጥ ግን በውስጡ ያለው ዩሪያ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ አሞኒያውም ከጠጉሩ ቅባት ጋር ተዋህዶ ሳሙና ይሆናል። ስለዚህ ቤተሰቡ ሽንቱን በእንስራ ያጠራቅም፣ ፋብሪካውም ይገዛ ነበር።

ዛሬ ሳሙና አለ፤ ጠጉር ሲታጠብ ግን አሁንም ጥንቃቄ ያሻል። መጀመሪያ በለብታ ውሃ መዘፍዘፍ፣ ቀጥሎ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሆነ የሳሙና ውሃ ውስጥ አስገብቶ በእጅ ተጫን ማድረግ እንጂ ማሸት አይገባም። ማለቅለቂያው ውሃም ሙቀቱ ተቀራራቢ ይሁን። ሙቅ ጠጉር እየታሸ ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ክሩ እርስ በርሱ ተቆላልፎ ይጠጥራል፤ ከዚያ በኋላ ነዳፊም አይፈታው። ቅባቱ በደንብ ካልወጣ ቀለም በየቦታው ይዘላል፣ ጨርቁም ይሸታል። ጨርሶ ከወጣ ደግሞ ጠጉሩ ደርቆ ሲፈተል ይበጠሳል፤ ለዚህ ነው ፋብሪካዎች ካጠቡ በኋላ ከመፍተል በፊት መልሰው ዘይት የሚነኩት። ያ መቆላለፍ ከሽመና በኋላ ግን ሆን ተብሎ ይፈለጋል፦ ጨርቁ በሙቅ ውሃና በሳሙና እየተወቀጠ በቁመትም በወርድም ሲሰበሰብ ወፍራምና ነፋስ የማያስገባ ይሆናል። ስለዚህ ድሩ ሲዘረጋ ከሚፈለገው ወርድ አስፍቶ መጀመር ግድ ነው።

የቲልበርግ ፋብሪካዎች ውድቀት የመጣው ከ1950ዎቹ መጨረሻ በኋላ ነው። የአውሮፓ የጋራ ገበያ ሲከፈት ርካሽ የጣሊያን ሱፍ ገባ፣ ሰው ሠራሽ ክርም ተስፋፋ፤ ፋብሪካዎቹ ተራ በተራ ተዘጉ። ከንቲባ ሴስ ቤክት ብዙ አሮጌ ሕንፃ በማስፈረሱ «ሴስ አፍራሹ» ተባለ። ያ ትልቅ ጥፋት ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የተረፉት ሕንፃዎች ናቸው ዛሬ ከተማዋን የሚያስጎበኙት። አንድ የሱፍ መፍተያ በ1992 ደ ፖንት የተባለ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሆነ። የባቡር መጠገኛው አዳራሽ ሎክሃል የተባለ ቤተ መጻሕፍት ሆኖ በ2019 የዓመቱ የዓለም ምርጥ ሕንፃ ተብሎ ተሸለመ። ሞመርስ የተባለው የሱፍ ፋብሪካ ውስጥ ያለው የጨርቃጨርቅ ሙዚየም ደግሞ መስታወት ውስጥ የተዘጋ ዕቃ ብቻ አያሳይም፤ ማሽኖቹ ዛሬም ይሸምናሉ፣ ዲዛይነሮችም ክራቸውን መርጠው እዚያው ያሠራሉ።