በሲቪላይዜሽን 3 ሙስናን ማሳደድ ትቼ ከተሞቼን እንዴት እንዳስተካከልኩ

ሲቪላይዜሽን 3 ከተማ እየቆረቆርክ አገር የምትገነባበት የኮምፒውተር ጌም ነው፤ የሮማን ግዛት ይዤ እየተጫወትኩ ነው። ከዋና ከተማዬ በጣም ርቃ የቆረቆርኳት ፖምፔ የምትባል ከተማ አለችኝ። 6 ሕዝብ አላት፣ በአንድ በኩል ኮረብታ አላት፣ ሠራተኞች ልኬ መንገዱንም ማዕድኑንም አሠርቼላታለሁ። የከተማዋን መስኮት ስከፍት 11 ጋሻ (የምርት መለኪያው ነው) ተደርድሯል፤ 10ሩ ቀይ ነው። ቀይ ማለት በብክነት የጠፋ ማለት ነው። ለእኔ የሚተርፈኝ 1 ብቻ። ያዘዝኩባት ደግሞ ብክነት የሚቀንሰው ፍርድ ቤት ነው፣ ፍርድ ቤት 80 ጋሻ ይፈጃል፣ ስለዚህ 80 ተርን (የጨዋታ ዙር) ልጠብቅ ነው።

ቁጭ ብዬ ሂሳቡን የሠራሁት ያኔ ነው።

በዚህ ጌም ሙስና፣ ማለትም የከተሞች ምርትና ገቢ መባከን፣ የሚመጣው በዋናነት ከሁለት ነገር ነው። አንዱ ርቀት ነው፤ ከተማዋ ከዋና ከተማው በራቀች ቁጥር ትባክናለች። ሁለተኛው የከተሞች ብዛት ነው፣ ብዙ ሰው የሚስተውም ይሄኛውን ነው። ጌሙ ከተሞችህን ለዋና ከተማው ባላቸው ቅርበት ተራ ይሰጣቸዋል። ካርታው ከሚሸከመው ቁጥር በላይ ስትሄድ ተራቸው ወደ ኋላ የሆኑት ይመታሉ። ስለዚህ መሀል ላይ አንድ አዲስ ከተማ ስትጨምር ዳር ያሉትን ሁሉ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ትገፋቸዋለህ።

እኔ ግን ይህን ሁሉ ትቼ ለሁሉም ከተማ አንድ ዓይነት ትእዛዝ ነበር የምሰጠው፦ ቤተ መቅደስ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ፍርድ ቤት፣ ገበያ። ኤፍ1 ተጭኜ የአገር ውስጥ አማካሪውን ስከፍት ለሕንፃ ጥገና የምከፍለው ወርቅ ከዓመት ዓመት ሲያብጥ አያለሁ፣ ምርምሬ ግን ፈቀቅ አይልም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቤተ መጻሕፍት የከተማዋን ምርምር በ50 በመቶ ይጨምራል። ከሙስና የተረፋት 1 ሳንቲም (ወደ ወርቅና ምርምር የሚቀየረው የንግድ ገቢ) የሆነች ከተማ ላይ የ1 ግማሽ ስንት ነው? ምንም። በየተርኑ 1 ወርቅ ግን ለጥገና ይወስዳል። እንዲህ ያሉ 10 ከተሞች ካሉህ በየተርኑ 10 ወርቅ በነፃ እየሰጠህ ነው ማለት ነው፣ ያውም እያንዳንዱን ሕንፃ ለመጨረስ ስንት ዘመን ጠብቀህ።

ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ሕንፃ ከማዘዜ በፊት መስኮቱን ከፍቼ ከቀይ የተረፈውን ብቻ መቁጠር ጀመርኩ።

ዋና ከተማው አጠገብ ያሉት ብዙ አያስቸግሩም። ቤተ መጻሕፍትም ገበያም እዚያ ዋጋውን ይመልሳል። ጎተራ ምግብ በሞላባቸው አንድ ሁለት ከተሞች ብቻ ሠርቼ ሰፋሪ (አዲስ ከተማ የሚቆረቁረው) የሚያወጡልኝ እነሱ ይሆናሉ፤ አንድ ሰፋሪ 30 ጋሻና 2 ሕዝብ ስለሚበላ ከሁሉም ከተማ ማውጣት ሁሉንም ማቀጨጭ ነው።

ፍርድ ቤት ቦታው በመካከለኛ ርቀት ያሉት ከተሞች ላይ ነው። ሲሶውን ወይም ግማሹን ያህል የሚያጡ ከተሞች አሉ አይደል፣ ለእነሱ ነው የተሠራው። ከ12 ጋሻ 5 የምታጣ ከተማ ነበረችኝ፤ ፍርድ ቤት ስሠራላት የሚጠፋው 3 ሆነ። ሳንቲሟም አብሮ ተሻሻለ። እዚያ ላይ ታዲያ ከቤተ መጻሕፍቱና ከገበያው በፊት ነው መሠራት ያለበት፣ ምክንያቱም የሚያድነው ሳንቲም በኋላ በእነሱ ይባዛል። እኔ ለረጅም ጊዜ በስተመጨረሻ ነበር የምሠራው፣ በዚህ ብዙ ተርን ከስሬያለሁ።

ዳር ላይ ያሉት ጋ ግን አስተሳሰቡን ራሱ መቀየር ነበረብኝ። የሚባክነው ከተማዋ በየተርኑ የምታመርተው ነው፤ ከውጭ የምታስገባላትን ብክነት አይነካውም። ጫካ ስትመነጥር 10 ጋሻ ይገባል፣ 10ሩም ይደርሳል። በሪፐብሊክ አገዛዝ በወርቅ ማስጨረስም ትችላለህ፣ ለአንድ ጋሻ 4 ወርቅ ነው፤ ብቻ የምርት ሳጥኑ ባዶ እያለ አትግዛ፣ ዋጋው እጥፍ ይሆናል። አንድ ተርን ታገስና 1 ጋሻ ሲገባ ግዛ። እኔ ዳር ላይ ቤተ መቅደስ የምሠራው በዚህ መንገድ ነው፣ ያውም ድንበሬ ከጎረቤት ጋር የሚጋፋ ከሆነና ድንበር የሚያሰፋው የቤተ መቅደሱ ባህል ካስፈለገኝ ብቻ።

ትልቁን ለውጥ ያመጣልኝ ግን ባለሙያ ዜጋ፣ ማለትም መሬት ላይ ከመሥራት ወጥቶ ከተማ ውስጥ የሚሠራ ሰው፣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው የጌሙ ማስፋፊያ ኮንክዌስትስ አንድ ሳይንቲስት 3 የምርምር ነጥብ ይሰጣል፣ ቀረጥ ሰብሳቢ 2 ወርቅ ይሰጣል፣ ሙስና ደግሞ አንዱንም አይነካም። 6 ሕዝብ ያላት ከተማ 12 ምግብ ትበላለች። መስኖ የገባበት የሣር ሜዳ 3 ምግብ ይሰጣል፤ ጀማሪው አምባገነን አገዛዝ ከ2 በላይ ከሚያፈራ መሬት ላይ 1 ስለሚቀንስ ከእሱ መውጣት አለብህ እንጂ። 4 ሰው መሬት ላይ ካዋልክ 12፣ ከመሀል ከተማው 2 ሲጨመር 14 ነው። ሁለቱ ቀሪዎች ሳይንቲስት ይሆናሉ ማለት ነው። ከአንዲት ተስፋ ከቆረጥክባት ከተማ 6 የምርምር ነጥብ፣ ያለ አንድም ሕንፃ።

የተከለከለው ቤተ መንግሥት የሚባለው ልዩ ሕንፃ ላይም ተሳስቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው የመጀመሪያው ጌም ልክ እንደ ሁለተኛ ዋና ከተማ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ራቅ ብሎ ሌላ ጥሩ መሬት መሀል ላይ ነው መቀመጥ ያለበት። እኔ ቶሎ ስለሚያልቅልኝ ዋና ከተማው አፍንጫ ሥር ሠራሁት። ምንም አልጠቀመኝም ማለት ይቻላል። ኮንክዌስትስ ላይ ጉልበቱ ተቀንሷል፣ ቢሆንም የምትሸከመውን የከተማ ብዛት ከፍ ስለሚያደርግ አልተወውም።

ፖምፔን የፍርድ ቤት ትእዛዟን ሰርዤ በምትኩ ሠራተኛ አዘዝኩባት፣ 10 ጋሻ ነው፣ በ10 ተርን ወጣ። በኮረብታው ተቃራኒ ያለውን የሣር ሜዳ በሙሉ መስኖ አስገባበት። ከተማዋ እስከ ጌሙ መጨረሻ አንድም ሕንፃ አላየችም፣ 2 ሳይንቲስቶቿ ግን አንድም ተርን ሳያጓድሉ 6 ነጥባቸውን ሲያስገቡ ቆዩ።