ግማሽ ጢም

«ወይ ያንንም ቀባው፣ ወይ ይሄንንም አጥፋው።»

ይህቺን ነገር ከሰማሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም። ልተኛ ስል ትመጣለች። ባጃጅ ውስጥ ትመጣለች። ጠዋት ጥርሴን ስቦርሽማ አትጠይቁኝ፣ መስታወት ፊት መቆም አለብኛ።

ጅማ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። የት እንደሆነ አልናገርም፣ ርዕሰ መምህራችን ፌስቡክ ላይ አሉ። ዕድሜዬ 31 ነው፣ ጢም የለኝም። ፈጽሞ የለኝም ብል ውሸት እንዳይሆንብኝ፣ አገጬ ሥር 7 ፀጉሮች አሉ፣ ቆጥሬያቸዋለሁ። ከላይኛው ከንፈሬ በላይ ግን ሜዳ ነው። እናቴ «የአባትህ ዘር ዘግይቶ ነው የሚያበቅል» እያለች ከ12ኛ ክፍል ጀምሮ ታጽናናኛለች። ይሄን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም፣ ቆዩ።

ሐሙስ ዕለት አራተኛው ፔሬድ ላይ የ10ኛ ክፍል ልጆች ይዤ ቤተ ሙከራ ገባሁ። 54 ተማሪ፣ 3 መነጽር፣ አንዱ የተሰነጠቀ። ቧንቧው ለጌጥ ነው፣ ውሃችን ጀሪካን ውስጥ ነው ያለው። ዓይኑ ውስጥ ኬሚካል የገባበት ልጅ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ መታጠብ አለበት ይባላል፣ እኔ ደግሞ ቆሜ ባለ 20 ሊትሯን ጀሪካን እያየሁ ማካፈል እጀምራለሁ። መቀመጫዎቹም ግማሹ ተሰብረው በጅማ በርጩማ ተተክተዋል። በርጩማው ሸጋ ነው፣ ሦስት እግር ስላለው ወለሉ ቢጎረብጥም አይነቃነቅም። ግን ለቡና መጠጫ የተሠራ እንጂ ለላብራቶሪ ጠረጴዛ አይደለም። የተቀመጠበት ልጅ አገጩ ጠረጴዛው ላይ ያርፋል፣ ዓይኑ ከስፒሪት መብራቱ ነበልባል ጋር ይተያያል። ሁላችሁም ቁሙ አልኳቸው።

በጥንቃቄ ጉዳይ እኔ ጋ ቀልድ የለም። ከ40 ደቂቃው ፔሬድ 15ቱን ምክር በላው። የሻሻችሁን ጫፍ ጋዋናችሁ ውስጥ ክተቱ። ሽታ ማወቅ የፈለገ አፍንጫውን ጠርሙስ አፍ ላይ አይደፋም፣ ራቅ ብሎ በእጁ ወደ ራሱ ያራግባል። የስፒሪት መብራት እፍ አይባልም፣ ክዳኑ ይደፋበታል። እየነደደ ስፒሪት አይጨመርበትም። አሲድ ውሃ ላይ ይጨመራል እንጂ ውሃ አሲድ ላይ አይጨመርም። ያልተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ የውሃን እጥፍ ሊያህል ትንሽ የቀረው ክብደት አለው፣ ስለዚህ ውሃው ላዩ ላይ ይቀርና እዚያው ፈልቶ ፊታችሁ ላይ ይረጫል። ዋናውን ደግሞ ሦስቴ አስደገምኳቸው። «እጃችሁን ምን አታደርጉም?» «ፊታችን ላይ አናደርግም!» በአንድ ድምፅ። 54 ምስክር።

አሁን ስለ ጓንቱ ላውራ፣ ካላወራሁ ያንቀኛል። ትምህርት ቤታችን ጓንት የለውም ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ። አለው። አንድ ካርቶን ሙሉ አለው። ያለው ንብረት ክፍል ነው፣ በድርብ ቁልፍ። ከመስከረም ጀምሮ መጠየቂያ ሞልቼ አስገብቻለሁ። ንብረት ክፍሉ ጋሼ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ባገኙኝ ቁጥር ቡና ይጋብዙኛል፣ ጓንት ግን አይሰጡም። «ሰጥቼህ ቢያልቅስ?» ይላሉ። ማለቅ እኮ ነው ሥራው! «ተቆጣጣሪ ሲመጣ ምን ላሳይ?» የእሳት ማጥፊያውም እሳቸው ጋ ነው፣ እንዳይሰረቅ። እሳት ቢነሳ መጀመሪያ ጋሼን ፈልጎ ማግኘት ነው፣ ቀጥሎ ቁልፍ፣ ቀጥሎ ሞዴል 22 ላይ መፈረም፣ ከዚያ ማጥፋት። በግቢያችን ውስጥ ደህንነቱ የተጠበቀ ነገር አለ ወይ ብትሉኝ፣ አለ፣ ጓንቱ።

እና በባዶ እጄ ነበርኩ።

የዕለቱ ሥራ ሲልቨር ናይትሬት ነበር። ጨው ያለበት ውሃ ላይ ጠብ ስታደርጉት ነጭ ነገር እንደ እርጎ ይረጋል፣ ክሎራይድ አለ ማለት ነው። ልጆቹ በጣም ወደዱት። አንዱ ከአዌቱ ወንዝ በሃይላንድ ቀድቶ ያመጣውን ውሃ ካልሞከርን አለ፣ ሞከርን፣ ግን ምንም ሳንጨምርበትም ደፍርሶ ስለነበር ምንም ማለት አልቻልንም።

ሲልቨር ናይትሬት ቡናማ ጠርሙስ ውስጥ የሚቀመጠው ብርሃን ስለሚያበላሸው ነው። ተበርዞ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ውሃ ይመስላል። ቀለም የለው፣ ምን የለው። ብርሃን ሲያገኘው ግን ብሩ፣ ሲልቨሩ ማለቴ ነው፣ ይለይና ይጠቁራል። የድሮ ፎቶ ፊልም የሚሠራውም በብር ጨው ነው። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። አምና ፈተና ላይ አውጥቼዋለሁ፣ 5 ነጥብ።

ያን ቀን ጉንፋን ይዞኛል። ውጭ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የጠርሙሱ አንገት ላይ የቀረች ጠብታ ጣቴን ነካችው፣ ጋዋኔ ላይ ጠረግኳት፣ ያለቀ መሰለኝ። ወዲያው አፍንጫዬ ሊያዋርደኝ ሆነ። 54 ልጅ እያየኝ መሐረብ ፍለጋ ኪሴን ልዳብስ? በጣቴ ከአፍንጫዬ ሥር ወደ ግራ ሳብ አደረግሁ። አንዴ ብቻ። አንድ ሰከንድ አትሞላም።

ደወል ተደወለ፣ ዝናቡ አባራ፣ ፀሐይ ወጣች። ዝናብ ካቆመ በኋላ የምትወጣዋን የጅማ ፀሐይ ታውቋታላችሁ፣ ቂም ያላት ነው የምትመስለው። እኔም ሲበርደኝ ስለዋለ ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ፊቴን ወደ ፀሐይ ሰጥቼ ሽሮዬን በላሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ። በፎቶ ቤት ቋንቋ፣ ታጠብኩ። አስተናጋጇ ሻይ ስታመጣ አየችኝና ፈገግ አለች። ሒሳብ ስትቀበል እንደገና ፈገግ አለች። አፌን ሞልቼ ልናገር፣ 10 ብር ጉርሻ ሰጠኋት፣ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ከሰዓት የወላጆች ስብሰባ ነበር። ምክትሉ «በጥንቃቄው ለሁላችን አርአያ የሆነው መምህራችን ስለ ቤተ ሙከራ ደህንነት ያብራራልናል» ብለው ማይኩን ሰጡኝ። አብራራሁ። እንዲህ በጥሞና የሰማኝ ሕዝብ በሕይወቴ አጋጥሞኝ አያውቅም። ዓይናቸውን ከፊቴ ላይ አይነቅሉም። አንዳንድ እናቶች በነጠላቸው አፋቸውን ይዘዋል፣ ስለ አሲዱ ደንግጠው ነው ብዬ ድምፄን ለስለስ አደረግሁ። ጭራሽ እንዲህም አልኩ፦ «እኔ ራሴ 6 ዓመት ሳስተምር አንዲት ጠብታ ቆዳዬን ነክታኝ አታውቅም።»

ጥያቄ ያለው ሲባል ኮፊያ ያደረጉ አንድ አባት ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። «ባርሲሳ (መምህር ማለታቸው ነው)፣ ስለ ልጆቻችን የምትለው ገብቶናል፣ አላህ ይስጥህ። አንድ ነገር ግን እንደ አባት ልምከርህ። የዘመኑን ፋሽን አላውቅም። ግን ሰው ፊት ለመቆም፣ ወይ ያንንም ቀባው፣ ወይ ይሄንንም አጥፋው።»

ዝም ብዬ ብቀመጥ ምን ነበረበት? በማይክ ጠየቅሁ። «ምኑን አባቴ?»

«ጢምህን ነዋ።»

ከዚያ በኋላ አዳራሹ ውስጥ የሆነውን አልጽፈውም። የሒሳቡ መምህር ስልኩን በካሜራ ከፍቶ ሰጠኝ። አየሁ።

ስለ ጢሙ ግን እውነቱን መናገር አለብኝ፣ ያምር ነበር። 31 ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ጢም ከእነ ግርማው መጥቷል፣ ችግሩ ግማሹ መንገድ ላይ ቀርቷል። ከአፍንጫዬ መሐል በግራ በኩል እስከ ከንፈሬ ጥግ፣ ጥቁር፣ እኩል፣ በፀጉር አስተካካይ እጅ የተከረከመ ነው የሚመስለው። ጣቴ የተነሳችበት ጫፍ ላይ ደግሞ ወደ ላይ ቆልመም ብሏል፣ የድሮ ደጃዝማች ፎቶ ላይ እንደሚታየው። በግራ ጎኔ ያየኝ ሰው ከቀበሌ ሊቀመንበርነት አያንስም ይላል። በቀኝ ጎኔ ያየኝ ያው ልጅ ነኝ። ከፈረንጅ አራዳ ወደ ጅማው መርካቶ ስወርድ ባንዱ መንገድ ዳር ያሉ ባለሱቆች «ጌታዬ» አሉኝ፣ በዚያው ዳር ፊቴን አዙሬ ስመለስ «ማሙሽ» አሉኝ፣ እምላለሁ። ባንክ ቤት መታወቂያዬን ያየችው ልጅ ወደ እኔ፣ ወደ ፎቶው፣ ወደ እኔ እያየች «እርስዎ ነዎት?» ስትለኝ ምንም ሳልናገር በቀኜ ዞርኩላት። ብሬን ሰጠችኝ።

ጣቴም ጠቁሯል። የባጃጁ ሹፌር ሒሳብ ስሰጠው «ምርጫ አለ እንዴ?» አለኝ። አትሳቁ፣ የምርጫ ቀለም ውስጥም ብዙ ጊዜ ያለው ይሄው ሲልቨር ናይትሬት ነው፣ በሳሙና እንቢ የሚለው ለዚሁ ነው።

ከሁሉ ያናደደኝ የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው። ከስብሰባው በፊት ስታፍ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አብሬያቸው ተቀምጫለሁ። አንዱ ቆሎ አቋድሶኛል! ለምን አልነገራችሁኝም ስላቸው «ሆን ብለህ መስሎን ነው» አሉ። ሆን ብሎ ግማሽ ጢም የሚያበቅል ሰው የት አይታችኋል? የአማርኛው መምህር ደግሞ «ኬሚስትሪ አስተማሪ ስለሆንክ» አለ፣ ይሄ ብቻውን ያብራራዋል ይመስል።

ቤት ስገባ በሳሙና አጠብኩት። በኦሞ አጠብኩት። ከንፈሬ ቀላ፣ ጢሙ እንደ ኩል ደምቆ ወጣ። አከራዬ በመስኮት እያዩኝ ኖሮ «ቆይ ልጄ» ብለው ሲመለሱ በአንድ እጃቸው ሎሚ፣ በሌላው በረኪና ይዘዋል። «ደባልቄ ልጥረግልህ፣ የብረት ድስት ጥላሸት ያስለቅቃል እንኳን ይሄን።» ጮህኩባቸው። ተቆጡኝ፣ ግን ምን ላድርግ፣ በረኪና አሲድ ሲነካው ክሎሪን ጋዝ ያወጣል፣ ሎሚ ደግሞ አሲድ ነው፣ ያቺ መታጠቢያ ቤት መስኮት የላትም። ሁለት ሰዎች በአንድ ግማሽ ጢም ሊያልቁ! ይሄን ሳስረዳቸው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ሰሙኝና «ይሄን ሁሉ እያወቅህ ነው እንዲህ የሆንከው?» አሉኝ። ይቺም ንግግራቸው አንድ ሌሊት እንቅልፍ ነስታኛለች።

መድኃኒቱ መጠበቅ ነው። ቆዳው ተልጦ በአዲስ እስኪተካ። የኮሮና ጊዜ ማስክ ከመሳቢያ አወጣሁና አድርጌ ክፍል ገባሁ፣ የሚታዘንልኝ በዛ እንጂ ምንም አልረዳኝም፣ ታሪኩን ጅማ ሁሉ ሰምቷል። ልጆቹ ስም አውጥተውልኛል፣ «ሀፍ ላይፍ»፣ አንድ ነገር ግማሹ እስኪቀር የሚወስደው ጊዜ ማለት ነው። በትምህርቱ የወጣ ስም ስለሆነ መቆጣት እንኳን አልቻልኩም። አንዷ ጎበዝ ተማሪዬ ጭራሽ ጢሙ በየቀኑ ስንት እንደለቀቀ ከኋላ ወንበር ሆና ግራፍ ስትሠራ ያዝኳት። አክሲሶቹን በትክክል ሰይማለች። ምን ልበላት?

በ11ኛው ቀን ለቀቀ። መጨረሻ የቀረችው ያቺ ቆልመም ያለችው ጫፍ ነበረች፣ ስትሄድ ትንሽ ቅር አለኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ጋሼ አስጠሩኝ። ጓንት ተፈቅዷል። ሁለት ጥንድ። ለ54 ልጅ። ሞዴል 22 ላይ ሦስት ቦታ ፈረምኩ። ካርቶኑን መልሰው ቆለፉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና ፊቴን ትኩር ብለው አዩት።

«ምነው ተላጨኸው? ያምርብህ ነበር እኮ።»